የፀሐይወርቅ ግዝት

ተሾመች በአንድ እጇ ነጠላዋን አፏ ላይ ጨምድዳ፣ በሌላው የፀሐይወርቅን ክንድ ቆልፋ፣ ከመካኒሳ አቦ ጀርባ ያለውን ኮብልስቶን እየጎተተቻት ትወርዳለች። ፀሐይወርቅ ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ እህል ውሃ በአፏ አልዞረም፤ አክፍሎት ይዛለች። ጉልበቷ ከድቷታል፤ ምላሷ ግን አልጾመም።

«ቀስ በይ እንጂ፤ እንደ ፋሲካ በግ አትጎትቺኝ።»

«የፋሲካ በግማ እየጮኸም ቢሆን ይሄዳል። ቄሱ ቄጤማውን አድለው ወደ ውስጥ ከገቡ ማን ያወጣልሻል?»

«ቢገቡስ? ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁ ሰው…»

«አንቺ ትጠብቂያለሽ፤ ልጅቷ አትጠብቅሽም። የሕፃን ልጅ ጊዜ እንደ ወተት ነው፤ ዞር ስትዪ ይገነፍላል።»

ፀሐይወርቅ እርምጃዋን ጨመረች።

ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ዓመተ ኮሮና፣ ቅዳም ስዑር ጠዋት ነው። ያን ዘመን ያላየ ልጅ ቢጠይቅ እንዲህ ይነገረው። ስልክ ሲደወል ከ«ሃሎ» በፊት «እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ» የሚል ድምፅ የሚቀድምበት ዘመን ነበር። ነጭ ሽንኩርት እንደ ወርቅ ተወደደ፤ ፌጦ ከገበያ ጠፋ። ሱቅ ሁሉ ደጁ ላይ ቧንቧ የተበሳለት ጄሪካን ሰቀለ። ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ይቀበላል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። ከሁሉ ከሁሉ የከበደው ግን የቤተ ክርስቲያን በር ለምእመን መዘጋቱ ነው። ቅዳሴው ውስጥ ይቀደሳል፣ ሕዝቡ ውጭ ግንቡን ተሳልሞ ይመለሳል። የአቦ ግንብ ሰው ከሚስመው ብዛት በደረት ልክ ወዝ ጠጥቶ ጠቁሮ ነበር።

በዚያ ላይ የሁለቱ ሴቶች ጉዳይ አለ። የፀሐይወርቅ አንድዬ ልጅ ራኬብ በሁዳዴ ወለደች። ሴት ልጅ። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ነው ቤቷ፤ ከመካኒሳ እሩቅ አይደለም፣ ታክሲ ከተገኘ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። አያቲቱ ግን ልጅቷን በዓይኗ አላየችም። ማየት የማትችለው ደግሞ በኮሮና አይደለም፤ በራሷ አፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ራኬብ ጴንጤ ሆነችና ጉርሜሳ የሚባል የወለጋ ልጅ፣ በርና መስኮት የሚበይድ፣ እንደ ጥላ ዝም ያለ ሰው ልታገባ ነው። ይህን ስትነግራት ማተቧን በጥሳ ከስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችላት። እናት ማተቡን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ደጃፏ ላይ ቆማ መንደሩ እየሰማ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እግርሽ ደጄን ቢረግጥ፣ የእኔም እግር ደጅሽን ቢረግጥ፣ በአቦ ገዝቻለሁ» አለች። መንደሩ በነጠላው ተከናንቦ ቆሟል፤ ከፊት ያለችው ተሾመች ናት፤ ወሬ ባለበት ከኋላ ቆማ አታውቅም። እና ግዝቱ ሲያበቃ፣ ከአፏ «አሜን» የሚል ቃል አመለጠ። ምን ታድርግ። እዚህ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅም ሲራገምም አሜን የሚል አፍ ነው ከእናት ሆድ ይዘን የወጣነው።

ራኬብ የአቦን ግዝት አትፈራም፤ ፓስተሯ ከዚያ ሁሉ ነፃ እንደወጣች ነግሯታል። እናቷን ግን ትፈራለች። በየዓመት በዓሉ ትመጣለች፣ ከቤቱ ፊት ካለው የጎርፍ መውረጃ ወዲያ ማዶ ትቆማለች፣ «እማ ደህና ነሽ?» ትላለች። እናት ከወዲህ ሆና «ደህና ነኝ፤ ከስተሻል» ትላለች። እግር አይነሣም። ልጅቷ ስትወለድ ደግሞ ያም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይወርቅ አመሻሽ አመሻሽ ላይ ተሾመች ቤት ብቅ ትላለች። «ጨው አለሽ?» ትላለች። የፀሐይወርቅ ማሰሮ በጨው እንደተሞላ ተሾመች ታውቃለች። ጨውም አትሰጣትም፤ ስልኳን አውጥታ ራኬብ የላከችላትን የሕፃኗን ፎቶ ትከፍትላታለች። ፀሐይወርቅ በጣቷ እየገፋች ፎቶውን ታሰፋዋለች፤ አሰፍታ አሰፍታ በመጨረሻ የሚቀረው አፍንጫ ብቻ ነው።

«የእኔ አፍንጫ ነው» ትላለች።

«የጉርሜሳ ነው።»

«ጉርሜሳ ይሄን የመሰለ አፍንጫ የት አግኝቶ።»

አንድ ቀን ተሾመች አላስችል ብሏት፣ «ለምን ሄደሽ አታያትም?» አለቻት። ፀሐይወርቅም ከአንድ ሰባኪ በስልክ የሰማችውን ነገረቻት። ዶግማ የሚባል ነገር አለ፤ አይሻርም፣ አይሻሻልም፣ ሰማይና ምድር ቢያልፍ እሱ አያልፍም። በአቦ ስም የወጣ ግዝት ዶግማ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ተሾመች ቃሉ ጣማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮ ላይ በሶብላ መነስነሱ ዶግማዋ ሆነ፤ በግራ ጎኗ አለመተኛቷ ዶግማ፤ ለእቁብ ሰብሳቢዋ ሰላምታ አለመስጠቷ ዶግማ። ግን ጓደኛዋ ፎቶ ላይ ጣቷን ስታንሸራትት ስታይ አንጀቷን ይበላታል። «ቄሱን እንጠይቅ» ያለችው እሷ ናት። ሳምንቱ ሰሙነ ሕማማት ሆነ፤ በሕማማት ደግሞ ቄስ አይፈታም፣ መስቀልም አያሳልምም። ቅዳም ስዑር እስኪነጋ ጠበቁ።

ደረሱ። ቄስ ኢያቄም፣ የፀሐይወርቅ የንስሐ አባት፣ ከትንሿ በር ወጣ ብለው ቄጤማ ያድላሉ። ጢማቸው ከጭምብሉ በግራም በቀኝም አምልጦ ወጥቷል። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል፤ ሁለት የአዋቂ እርምጃ። «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» ይላሉ ቄሱ፤ ሰው ከመስመሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይቀበልና ራሱ ላይ ያስራል።

ፀሐይወርቅ መስመሯ ላይ ቆማ ዝቅ አለች።

«አባ፣ የነፍስ ነገር ነበረኝ። በጆሮዎ።»

«ዘንድሮ ጆሮዬ ሁለት እርምጃ ሆኗል ወለተ ጊዮርጊስ። ከዚያው ሆነሽ ተናገሪ።»

ፀሐይወርቅ ደነገጠች። ስመ ክርስትናዋን ከቄሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የክርስትና ስም ለሟርተኛ ጆሮ አይሰጥም። አሁን መካኒሳ በሙሉ ሰማው። ተሾመችም ሰማችው፤ ሰምታም በልቧ ቁልፍ ያለበት ቦታ አስቀመጠችው፣ ለክፉ ቀን።

«ግዝት ነው አባ» አለች ፀሐይወርቅ ድምፅዋን አፍና።

«ምን?»

«ግዝት።»

ቄሱ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። «ጮክ በይ ልጄ።»

«ግዝት ነው። ልጄን ገዝቻት፣ ራሴንም ገዝቼ። በአቦ።»

ይሄኔ ቄጤማ ተቀብሎ ሊሄድ የነበረ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ክር የሌለው ኮንጎ የተጫማው ሳይቀር።

«ለምን ገዘትሻት?»

«እምነቷን ለወጠች።»

«አሁንስ ምን ፈለግሽ?»

«ወልዳለች።» የኖራውን መስመር እያየች ቀጠለች። «ዶግማ ከሆነ አባ፣ አርፌ ልቀመጥ። ዶግማ ካልሆነ ይፍቱኝ።»

ቄስ ኢያቄም የያዙትን ቄጤማ ወደ ክንዳቸው አሸጋገሩ። «ዶግማ ነው ያለሽ ማነው?»

«አይሻርም ሲባል ሰምቼ።»

«ስሚ። ዶግማ አንቺም እኔም ፓትርያርኩም ያላወጣነው፣ ማናችንም የማንሽረው ነው። አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ አንድ አምላክ ነው። ወልድ ከድንግል ተወለደ፣ ሞተ፣ ተነሣ። በር ቢከፈትም ያው ነው፤ ቢዘጋም ያው ነው። ቀኖና ደግሞ ይህን እምነት የምንጠብቅበት፣ አባቶች የሠሩት ሥርዓት ነው። ሲቸግር አባቶች ተሰብስበው ያላሉታል፣ ያጠብቁታል። ይኸው፣ አንቺም ከውጭ ቆመሽ፣ እኔም በጨርቅ ታፍኜ።»

«የእኔ ግዝትስ የትኛው ውስጥ ነው?»

«የአንቺማ ንዴት ነው። አቦን ለምስክርነት ጠራሻቸው እንጂ እሳቸው አላወጡትም።»

ከጫማ አሳሪዎቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ተሾመች በዓይኗ አቃጠለችው። ከዚያ ዘወር ብላ ጓደኛዋን ስታይ፣ እፎይ ያለች ሴት አይደለችም የቆመችው። ፀሐይወርቅ ፊቷ አመድ መስሏል። ተሾመች ገባት። ዶግማ ቢሆን ይሻላት ነበር። ዶግማ ቢሆን፣ ያ ሁሉ እንቁጣጣሽ፣ ያ ሁሉ ገና፣ ልጇ ከጎርፍ መውረጃው ማዶ ቆማ የሄደችበት ሁሉ፣ ለእግዚአብሔር የተከፈለ ይሆን ነበር። አሁን ለምን ተከፈለ?

«ያን ሁሉ ጊዜ በንዴቴ ነው?» አለች ፀሐይወርቅ። ማንንም አልጠየቀችም።

ቄሱም፣ «ስትገዝቺ አሜን ያለ ነበር?» አሉ።

«ይቺ ናት» ብላ በጣቷ ተሾመችን አሳየች፣ ሳታወላውል።

«አመለጠኝ እኮ አባ።»

«አንቺም ዝቅ በይ።»

ሁለቱ ኮብልስቶኑ ላይ ተንበረከኩ። ቄሱ ከእርምጃቸው ሳያልፉ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ደገሙ፤ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ሲሉ ግንቡ ስር ያለው ሰው ሁሉ «አሜን» አለ። ተሾመች ይህችኛዋን አሜን ከሁሉ አስበልጣ ጮኸችው።

ለመነሳት ሲቃጡ ፀሐይወርቅ አንድ ነገር ቀራት። «ልጅቷስ አባ? ክርስትናዋ? እነሱ ሕፃን አያጠምቁም።»

የቄስ ኢያቄም ዓይን ከጭምብሉ በላይ ደከመ። «እሱ ግዝት አይደለም ልጄ። ሰው ከውሃና ከመንፈስ ካልተወለደ ብሎናል። እሱን እኔ አላላላውም።»

«እናቷ እምቢ ካለችስ?»

«ወላጅ ሳያመጣው ክርስትና አላነሣም። በስርቆት የሚሆን ጥምቀት የለም።»

«ታዲያ እንዴት ልሁን?»

ቄሱን ከውስጥ ጠሯቸው። ቄሱ ሁለት ቄጤማ ወረወሩላቸውና፣ «እኔም ስለዚህች ልጅ አስባለሁ» ብለው ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ወደ ላፍቶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አራት ሰው ብቻ አለ፤ በየወንበሩ አንዳንድ ሰው እንደ ሚኒስትር ተንደላቆ ተቀምጧል። ተሾመች ከኋላ፣ ፀሐይወርቅ ከፊቷ። ራሳቸው ላይ ቄጤማ፣ አፋቸው ላይ ጨርቅ። ተሾመች ደስ ብሏታል፤ ላፍቶ እስኪደርሱ ራኬብ ምን እንደምትል፣ ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ፣ ሰፈር ስትመለስ ለማን ቀድማ እንደምትናገር እያሰላች ነው። ድንገት የፀሐይወርቅ ዘንቢል ከጭኗ ላይ ሸርተት አለና ከውስጡ ቸፍ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ገምጃ ነው፣ ለሕፃኗ። አብሽም አለበት።»

«ጨርቅ ቸፍ አይልም።»

«ውሃ ነው።»

ተሾመች ወደፊት ዘንበል አለች። ያልተማረች ናት፤ ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ረ» ነው የምታውቀው። ነገር ግን ሰው ሲዋሽ አያመልጣትም። «አክፍሎት ላይ ያለ ሰው ውሃ ምን ይሠራለታል?»

ፀሐይወርቅ መስኮቱን ማየት ያዘች። ተሾመች እጇን አሾልካ ዘንቢሉን ገለጠችው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠበል። ግቢው ሳይዘጋ በፊት የተቀዳ።

«አንቺ ሴት።»

«ግንባሯን ብቻ ነው» አለች ፀሐይወርቅ። «ፊቷን ስታዞር፣ በስመ አብ ብዬ፣ ግንባሯን ብቻ።»

«ቄሱ በስርቆት የለም አላሉሽም?»

«ምንም ካላገኘች ስርቆትም ይሁንላት። ሕፃን ናት። በዚህ ክፉ ዘመን ምን ይታወቃል?» ከመስኮቱ ወደ ተሾመች ዞረች። «እኔ በወዲያኛው ዓለም ደግሞ ከጎርፍ መውረጃ ማዶ ለማዶ ልቆም ነው? ከልጅ ልጄም ጋር?»

ተሾመች ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ራኬብ ካየችሽ ይህችን ልጅ ዳግመኛ አታያትም። ያኔ የምትገዝተው እሷ ናት። እነሱ ደግሞ ግዝት የሚፈታ ቄስ የላቸውም።»

ፀሐይወርቅ ጠርሙሱን መልሳ ሸፈነችው። አልጣለችውም።

ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሲደርሱ፣ የደረጃው መግቢያ በገመድ ታስሯል። ከገመዱ ኋላ በላስቲክ ወንበር ላይ አቶ ወጋየሁ ተሰይሟል፤ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ። ድሮ በር ላይ እንዲህ የሚቀመጥ ደጃዝማች ነበር፤ የዚህኛው ማዕረግ ጭምብልና ፊሽካ ነው። ከጎኑ ባለ ቧንቧ ጄሪካን፣ ከጄሪካኑ ላይ በክር የተንጠለጠለ የልብስ ሳሙና።

«እንኳን አደረሳችሁ። ወዴት ነው?»

«ራኬብ ጋ። አራስ ጥየቃ» አለች ተሾመች። «እናቷ ናት።»

«እናት ቢሆኑ አልከለክልም። ታጠቡና ውጡ።»

ተሾመች ቧንቧውን ከፈተችው። ጄሪካኑ ደረቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ባዶ ነው እኮ።»

«ውሃ ከሄደ ሰነበተ። ጉርሜሳ ራሱ ጄሪካን ይዞ ወደ ታች ወርዷል፤ ወረፋው ረጅም ነው።»

«ታዲያ በምን እንታጠብ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። መታጠብ ግን ግዴታ ነው።»

«ውሃ ሳይኖር?»

«እናቴ፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ እኔም አልሽረውም።»

«ዶግማ ነዋ» አለች ተሾመች።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ቀጥል ሥራህን።»

ይሄኔ ከላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ሕፃን አለቀሰ። ቀጭን፣ እንደ ድመት ግልገል ያለ ድምፅ ነው። ፀሐይወርቅ ቀና አለች። ከበረንዳው መከታ ኋላ ራኬብ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ቆማለች፤ ሁሉን ስታይ የቆየች ትመስላለች።

«እማ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ልጅነቷ ነው።

እናት ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ጠርሙሱን አወጣች።

አቶ ወጋየሁ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ይኸው ውሃ ይዘው ነው እንዴ የሚከራከሩኝ?»

«ውሃ አይደለም። ጠበል ነው።»

ሰውየው እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ግንባሩ ሄደ፤ አማተበ። እሱም የገብርኤል ልጅ ነው፣ ብስራተ ገብርኤል ያደገ። «በጠበል እጅ ይታጠባል እንዴ? በሳሙና? ነውር አይሆንም?»

«ሳልታጠብ ታሳልፈኛለህ?»

አቶ ወጋየሁ ገመዱን አየ፣ ጠበሉን አየ። ሁለቱም ከእሱ በላይ ናቸው። ቁጭ አለ።

ሕፃኗ ታለቅሳለች። ፀሐይወርቅ ዙሪያውን ቃኘች፤ ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይፈስም። ከግንቡ ጥግ በአሮጌ ባልዲ የተተከለ ጤና አዳም አየች። ባልዲው ላይ ጎንበስ አለችና እጇን ዘረጋች።

«አፍስሺልኝ» አለቻት ተሾመችን።

ተሾመች ጠብ አድርጋ አቆመች። ተሾመች ማለት ሰው ሲያስብ የምታይ ናት፤ ግማሹን አስቀርታ ልታተርፍላት አሰበች። ምን ይታወቃል፣ ለግንባር የምትሆን ትንሽ።

«ሁሉንም» አለች ፀሐይወርቅ።

«ትንሽ ይቅር እንጂ…»

«ከቀረማ እጄ አያርፍም። ራሴን አውቀዋለሁ። ሁሉንም አፍስሺ።»

ተሾመች አፈሰሰች። ፀሐይወርቅ ሳሙናውን ይዛ፣ የእጇን መዳፍ፣ ጀርባውን፣ የጣቶቿን መሀል፣ ቴሌቪዥኑ እንዳስተማረው አሸች። አረፋው ጤና አዳሙ ላይ ወረደ። ከጨርቁ ስር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልይ ይሁን የምትሳደብ አይለይም። ጠርሙሱ ሲያልቅ ቀና ብላ እጇን ወደ ላይ ይዛ፣ ሳታደርቅ፣ ከገመዱ ስር ጎንበስ ብላ አለፈች።

ተሾመች ልትከተላት ተራመደች።

«እርስዎስ?» አለ አቶ ወጋየሁ።

«እኔ ምን?»

«አልታጠቡም።»

ተሾመች በዕድሜዋ ብዙ ቅጣት ቀምሳለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አታውቅም። የዘመኑ ትልቁ ወሬ ከራሷ በላይ በደረጃ እየወጣ፣ እሷ ባዶ ጠርሙስ ይዛ ከታች ቀረች። ደግነቱ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ክፍት ነው። ገመዱን ሳትነካ አንገቷን እንደ ሰጎን አስረዘመች። ራኬብም እናቷን በር ላይ አልጠበቀቻትም፤ ጭምብል አድርጋ እስከ መሀል ማረፊያው ወርዳ ተቀበለቻት። ሁሉም ይታያል፤ ሁሉም ይሰማል።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ራኬብ ወፍራለች፤ አራስ ናት። ሕፃኗን ወደ ደረቷ ለጠቅ አድርጋ ይዛለች።

«ግዝቱስ?» አለች።

«ቄሱ ፈቱት። ንዴት ነው አሉኝ።»

ራኬብ ዓይኗ ሞላ። ወደ ታች፣ ወደ ጠርሙሱ ተመለከተች። «ጠበሉን ለምን ይዘሽው መጣሽ?»

ተሾመች ከታች ዓይኗን ጨፈነች። ዋሺ፣ አለች በሆዷ፤ ለእጄ ነው በይ፣ ለመጠጥ ነው በይ፣ ምንም በይ። ግን ፀሐይወርቅ በቅዳም ስዑር አትዋሽም።

«ለእሷ ነበር። ፊትሽን ስታዞሪ።»

ራኬብ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወደ ኋላ ወጣች። ሕፃኗም አብራ ራቀች። የፀሐይወርቅ እርጥብ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ሳትነግሪኝ? በልጄ ላይ?»

«ሳልነግርሽ።»

«አሁንስ? ሌላ ይዘሻል?»

«የለኝም። ያው ነበር።»

ተሾመች አላስቻላትም። ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ወደ ላይ አሳየች። «ጠብታ የላትም ራኬቤ። እኔ ነኝ ያፈሰስኩት። ትንሽ እናስቀር ብላት እንኳን ሁሉንም አለች። ሰብሳቢውም ምስክር ነው።»

አቶ ወጋየሁ ሳይፈልግ ራሱን ነቀነቀ።

ራኬብ የእናቷን እጅ አየች፤ ሳሙና የሚሸት፣ ከአንጓው ውሃ የሚያንጠባጥብ እጅ። ቀስ ብላ ደረጃዋን መልሳ ወረደች። ጋቢውን ከሕፃኗ ፊት ገለጥ አድርጋ ሰጠቻት።

ፀሐይወርቅ ተቀበለች። አፍንጫዋን አየች፤ የማን እንደሆነ አልተናገረችም። ፎቶው ያልነበረው ነገር ክብደት ነው። ያን ሁሉ ምሽት በጣቷ ስታሰፋው የከረመችው ፊት ክንዷ ላይ ሲያርፍ፣ ይህን ያህል ይከብዳል ብላ አልጠበቀችም። ሕፃኗ ለቅሶዋን አቆመች፣ ከንፈሯን አላመጠች፣ ተኛች።

«ስሟን ተሾመች ነግራኛለች» አለች ፀሐይወርቅ። «ከአንቺ አፍ ልስማው።»

«ዝማሬ።»

«ዝማሬ» ብላ ደገመችው፤ እንደሚቀመስ ነገር።

ከታች ተሾመች በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ አቶ ወጋየሁን «ጉንፋን አይደለም፣ ፊሽካህን አስቀምጥ» አለችው።

«ግቢና ቁጭ በይ እማ። ጾመሻል፤ ትወድቂያለሽ።»

«ቆይ። ቆሜ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።» ፀሐይወርቅ ከሕፃኗ ዓይኗን አልነቀለችም። «ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ትነሣልኝ። በግልጽ ነው የምጠይቅሽ። አንቺና ጉርሜሳ ይዛችኋት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ።»

«አይሆንም።» ራኬብ አልተቆጣችም። «አድጋ፣ ራሷ አምና ነው የምትጠመቀው። እኛ እንዲህ ነው የምናምነው። ይህን ደግሞ አውቀሽው ነው የመጣሽ።»

«አውቄው ነው።»

«መልሴ አይለወጥም እማ። አትልፊ።»

«የእኔም ጥያቄ አይለወጥም። ቄሱ ያኛውን ፈቱልኝ እንጂ ይህችን አላላላትም ብለውኛል።»

ራኬብ ወገቧን ያዘች፤ ድሮ በእናቷ ቤት ሳለች ሲጣሉ ታደርግ እንደነበረው። ተሾመች ከታች ሆና፣ አሁን ልጅቷን መልሺ ትላታለች፣ አሁን ያልቃል፣ እያለች ነው። ራኬብ ግን እጇን አልዘረጋችም፤ ፀሐይወርቅም አልመለሰችም። በመሀላቸው የተኛችው ሕፃን ሁለቱም የማያልፉት፣ ሁለቱም የማይለቁት ነገር ሆነች። እንዲያው ቆሙ።

«እንግዲህ ማክሰኞ መጥቼ እጠይቅሻለሁ» አለች ፀሐይወርቅ።

«እምቢ እልሻለሁ።»

«በይኝ። ከዚያ ደግሞ ሐሙስ።»

«ሐሙስም እምቢ ነው።»

«ይሁን። ብቻ ጊዜውን ንገሪኝ፤ ተሾመች ታክሲ እንድትይዝልኝ። ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው እምቢ የምትዪኝ?»

ራኬብ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች፤ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች።

«ከምሳ በፊት ነይ» አለች።